ሳሊህ ያሳመረው ኮንሰርት

መምህር ስጦታው የቀኝ እጁ ጣቶች ከደረቁ ወዲህ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞጣ ላይ የተቀረጸውን ኮንሰርት። ሌላውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ቢቸና ውስጥ ሰው ሲያገኘው «እጅህ እንዴት ሆነልህ?» ይለዋል፤ እሱም «ደኅና ነው» ይላል። ጠያቂውም ተጠያቂውም ደኅና እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ግን ደኅና ነው ካልተባለ መንገድ የሚለቅ ሰው የለም፤ ተባብለው ይለያያሉ።

እጁን የጨረሰው ባጃጅ ነው ማለት ባጃጁን መበደል ነው። ባጃጁ ተገልብጦ የሰበረው የክንዱን አጥንት ብቻ ነበር፤ የክንድ አጥንት ደግሞ ይጠገናል። ነገር ግን በዚያ ሰሞን መንገዱ ሁሉ በጦርነቱ ተዘግቶ፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ጠፍቶ ስለነበር ዘመድ አዝማድ መከረና ወጌሻ ጠራ። ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ አጅቦ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ስጦታው ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ጠቆሩ፣ ፍቱልኝ እያለ ሲማጸን፣ ሲጠግን ነው፣ ወንድ አይደለህም እንዴ፣ ቻለው አሉት። ቻለው። እስሩ ሲፈታ አጥንቱ እውነትም ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን ወደ ውስጥ ተቆልምመው ደርቀው ቀርተዋል። ወጌሻው ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ሲያልፍ አልታየም።

ይህ ሰው እንግዲህ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ፣ እዚያው መቅረት ሲችል፣ እናቴን ላስታምም ብሎ መጥቶ እናቱን ቀብሮ በዚያው የቀረ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለልጆች ሥነ ጥበብ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በየሠርጉ ቤት ኪቦርድ ይጫወታል። ቤቱ ግን ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ያስመጣው፣ ቁልፉ ሙሉ የሆነ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ነበረው። ቢቸና «ኦርጋኑ» ትለዋለች። ከሥራ ሲመለስ እሱ ላይ ይቀመጥና ጃዝ ይጫወታል። የከተማው ሰው ጃዝ ሲባል የሚያውቀው ሁለት ሰው አጋፍጦ ዳር ቆሞ ማየትን ስለሆነ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ አስረድቶ አይዘልቀውም። አጥር የሚጋሩት ጎረቤቱ እትዬ ፋንታ «ይህ ልጅ ሁልጊዜ ይጀምራል እንጂ ዘፈኑ ላይ አይደርስም» ይሉ ነበር። ተናደውበት አይደለም፤ አዝነውለት ነው።

የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ሞጣ ነበሩ። አንዱ ስሙ እንዳለው ነው፤ ፊዚክስ ያስተምራል፣ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ሲናገር ቁጥብ፣ ሲጫወትም ቁጥብ። ሁለተኛው ሙጀሂድ ነው፤ ከአባቱ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀምጦ ሜትር ሲለካ የሚውል፣ ግን ጣቱ ባንኮኒው ላይ አርፎ የማያውቅ፤ ድራም የሱ ነው። ሦስቱ ደብረ ወርቅ አንድ ሠርግ ላይ በአጋጣሚ ተገናኙ፤ ሙሽሮቹ ሊበሉ ሲቀመጡ መሣሪያቸውን ትንሽ ነካ ነካ አደረጉና ተግባቡ። ከዚያ በኋላ ስጦታው ወር በገባ ቁጥር ፒያኖውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳስሮ ወደ ሞጣ ይሄድ ነበር። ሚስቱ ማናለሽ ሌላ ሴት ብትይዝብኝ ይሻለኝ ነበር፣ እሷን እንኳ ጣሪያ ላይ አትጭናትም እያለች ትስቅበታለች።

ኮንሰርቱን ያደረጉት ጦርነቱ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። የከተማውን አዳራሽ ለምነው አገኙ። ሰው መጣ፤ ዘፋኝ አለ ብሎ መጣ። ዘፋኝ እንደሌለ ሲያውቅ ግማሹ ወጣ። የቀረው ቁጭ አለ፤ ምናልባት ውጭ ፀሐዩ ከርሮ ስለነበር ይሆናል። ማናለሽ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ስጦታው ከመጀመሩ በፊት ማይክ ይዞ፣ ስልካችሁን አጥፉልኝ፣ ማንም እንዳይቀርጽ፣ በሥርዓት እያስቀረጽን ነው ብሎ ሕዝቡን ለመነ። አዲስ አበባ እንዲህ ሲደረግ አይቷል፤ ሥርዓቱ ደስ ብሎት ነበር። ሰውም ታዘዘለት።

ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። በባቲ ቅኝት የተሠራ ቀላል ዜማ ነበር፤ ተለማምደውት ተለማምደውት የሰለቻቸው። መሐሉ ላይ የስጦታው ቀኝ እጅ ከሐሳቡ ቀድሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተጫወተ አያውቅም። የሚያስታውሰው ሙጀሂድ ዱላዎቹን ጥሎ በባዶ እጁ መምታት እንደጀመረ፣ እንዳለው ዓይኑን እንደጨፈነ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚያስለው ሁሉ ማሳሉን እንደተወ ነው። ሲያቆሙ ወዲያው ያጨበጨበ አልነበረም። ቀና ሲል ማናለሽ ታለቅሳለች። ስጦታው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሙሉ ሰው ሆኖ አያውቅም። እናቱን እያስታመመ የተቃጠለበት ጊዜ፣ የሠርጉ ቤት ኪቦርድ፣ የፒያኖው በሚኒባስ መንገላታት፣ ሁሉም ለዚያች ጨዋታ እንደነበር ገባው።

በሳምንቱ ቤቱ ሆኖ ሊደግማት ሞከረ። አልመጣችም። ከየት እንደተነሳች ያውቃል፤ ወዴት እንደሄደች ግን ጠፋበት። ግድ የለም፣ ተቀርጻለች፣ ሰምቼ አጠናታለሁ አለ። አልተሳሳተም፤ ተቀርጻ ነበር። የቀረጸው የሙጀሂድ አጎት ልጅ ሳሊህ ነው፤ ሞጣ ውስጥ ቬሎ የሚያከራይ፣ ሠርግ የሚቀርጽ ልጅ። ለወንድሜ ነው ብሎ በነጻ ቀረጸ። እንዳለው ፊዚክሱን ተጠቅሞ ድምፁን ከሚክሰሩ በኬብል አውጥቶ ቀጥታ የሳሊህ ካሜራ ውስጥ አስገባለት፤ አንዲት ኖታ እንኳ እንዳትባክን።

የሠርግ ቪዲዮ በዚያ አገር የሚደርሰው ሙሽሮቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ካስነሱ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ክረምቱ እስኪገባ ማንም አልተጨነቀም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ስልክ አንድ ቀን ይሠራል አንድ ቀን ይሞታል። የሙጀሂድ አባት ሱቅ ተዘጋ፤ ሙጀሂድ ድራሙን ሸጦ በጅቡቲ በኩል ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ስጦታው የተሳፈረበት ባጃጅም በዚያው ዘመን ተገለበጠ። እጁ መድረቁ ሲረጋገጥ ፒያኖውን ግድግዳ አስደግፎ ጨርቅ አለበሰው። ያን ቀን አላለቀሰም፤ ያቺ ጨዋታ ሳሊህ ዘንድ አለች ብሎ ራሱን ያዘ። ሐሳቡንም ቆርጧል፤ ሰምቶ ሰምቶ በኖታ ሊጽፋት ነው። በግራ እጁ መጻፍ የተለማመደው ለዚህ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጤነኛ እጅ ያለው ሰው አንብቦ ይጫወታታል፤ እኔ ብሞትም እሷ አትሞትም ይል ነበር። ሌላ የሚጠብቀው ነገር ስላልነበረው ስለሷ ብቻ ያስባል፤ ሰው ሲያናግረው እንኳ ግማሽ ልቡ እሷ ዘንድ ነው።

በመጨረሻ መንገዱ ከፈት ያለ ጊዜ ሳሊህ ደወለ። ቪዲዮው አልቋል፣ በጣም አምሯል፣ ይምጡና ይውሰዱ አለ። ስጦታው ስልኩን ዘግቶ ለማናለሽ ሊነግራት ሲል ድምፁ አልወጣለትም። እሷ ደንግጣ ማን ሞተ አለች።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፈረ። ደብረ ወርቅን፣ ግንደ ወይንን አልፎ፣ በየኬላው ወርዶ እየተፈተሸ፣ የደረቀ እጁን በጋቢው ሸፍኖ ሞጣ ገባ። እንዳለው መናኸሪያ ጠበቀው። ተቃቀፉ። እንዳለው እጁን አላየም፤ ላለማየት የሚያደርገው ጥረት ግን ይታይ ነበር።

የሳሊህ ሱቅ ገበያው አጠገብ ነው። በሩ ላይ ቬሎ የለበሰች አሻንጉሊት ቆማለች፤ ጭንቅላት የላትም፤ ቬሎው እስካማረ ድረስ ጭንቅላቷን የጠየቀ የለም። ውስጥ አንድ ሶፋ፣ ፏፏቴ የተሳለበት የፎቶ መጋረጃና ኮምፒውተር አለ። ሳሊህ ደግ ልጅ ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅ። ስጦታውን ሲያይ ተነስቶ በትከሻው ሳመው፤ የደረቀውን እጅ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላህ ያሽርዎት አለው። ሙጀሂድ ከሄደ ወዲህ ሥራ በፈታ ቁጥር ይህንን ቪዲዮ እየከፈተ በትንሽ በትንሹ ሲያሳምረው እንደከረመ፣ የወንድሙ ናፍቆት ሲብስበት በሱ ላይ እንደሚወጣለት ነገራቸው። ከዚያ ሁለቱን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ከፈተላቸው።

በስክሪኑ ላይ ጽጌረዳ ዘነበ። በወርቅ ቀለም የተጻፈ «መልካም ኮንሰርት» የሚል ጽሑፍ እየተሽከረከረ መጥቶ ቆመ። ጋብቻ የሚለው ቃል ወጥቶ ኮንሰርት እንደገባበት ያስታውቃል፤ ከሥሩ የተያያዙት ሁለት ቀለበቶች አሁንም አሉ። እንዳለው ፈገግ አለ። ሙዚቃ ጀመረ። ለስላሳ የኪቦርድ ዜማ ነው፤ ሰው «ክላሲካል» የሚለው፣ ሙሽሮች ኬክ ሲቆርሱ የሚከፈት፣ ሠርግ የጠራም የተጠራም ሁሉ የሚያውቀው። ስጦታው መግቢያው ነው ብሎ ታገሠ።

አዳራሹ ታየ። ሕዝቡ ታየ። ማናለሽ በነጭ ቀሚሷ ታየች። ሙጀሂድ ታየ፤ ዱላው በዝግታ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ክላሲካሉ አላቆመም። የእንዳለው ጫማ ታየ፤ የአዳራሹ መጋረጃ ታየ። ከዚያ ስጦታው ራሱን አየ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ትከሻው እየተወዛወዘ። ቀኝ እጁን አየ፤ ያን ጤነኛውን፣ በቁልፎቹ ላይ ሲሮጥ። የሚሰማው ድምፅ ግን ያው ኬክ መቁረሻው ነበር።

«ሳሊህ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ድምፁ የሚጀምረው የቱ ጋ ነው?»

«የቱ ድምፅ መምህር?»

«የኛ። የተጫወትነው።»

ሳሊህ ነገሩ ቀልድ መሰለውና ሳቅ አለ። «እሱንማ አጠፋሁት እኮ። መጀመሪያ የሚደረገው እሱ ነው። የዕለቱ ድምፅ እንዳለ ከተተወ ቪዲዮ አያምርም።»

ሳሊህ አልዋሸም። በሱ ሙያ የዕለቱ ድምፅ ማለት የመኪና ጥሩምባ ነው፤ የሳህን ግጭት፣ የሰካራም ምርቃት፣ የልጅ ለቅሶ ነው። ሁሉም ሠርግ ቀራጭ ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ያን ድምፅ ነቅሎ ይጥልና በምትኩ ያማረ ዘፈን ይጥልበታል። ከሙሽሮቹም መካከል ድምፄን መልስልኝ ብሎ የመጣ የለም። ሳሊህ ሲጀምር ጀምሮ እንዲህ ነው የሠራው፤ ዘፋኝ የሌለበት ነገር ስለሆነም ዘፈን ትቶ ክላሲካል መርጦለታል። አስቦበታል።

እንዳለው ከሶፋው ብድግ አለ። ያ ቁጥብ ሰው ኬብሉን፣ ሚክሰሩን፣ የተለፋበትን እየጠራ ሱቁን በጩኸት ሞላው። ሳሊህ ግራ ተጋብቶ አንዴ እሱን አንዴ ስጦታውን ያያል። መጨረሻ ላይ ወደ ስጦታው ተጠጋ፤ እንዳለው እንዳይሰማ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሙሉውን ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ጥሩ ነበር። መሐል ላይ ግን እጅዎ ስቷል። ቁልፎቹ ይጋጫሉ፤ ፒያኖው በአንድ በኩል ድራሙ በሌላ በኩል ይሄዳል። አሁን ደግሞ እጅዎ እንዲህ ሆነ። ሰው በስህተትዎ እንዳያስታውስዎት ብዬ ነው።»

ስጦታው ክው ብሎ ቀረ። ባጃጁ ሲገለበጥ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቶታል፤ ወጌሻው ሲያስረው ጣቶቹ ሲሞቱ ተሰምቶታል፤ እንዲህ ያለ ሕመም ግን አያውቅም። ያቺ ስትመጣ ሙሉ ሰው የሆነባት፣ ለሷ ሲል በግራ እጁ እንደ ሕፃን ፊደል የተለማመደላት ጨዋታ፣ ለዚህ ደግ ልጅ ስህተት ነበረች፤ ልጁም ወዶት ሸፈነለት።

እንዳለው ዋናውን ቅጂ አምጣ አለ። ዋናው ቅጂ የለም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሜሞሪው ይጠፋና ሌላ ሠርግ ይቀረጽበታል። ከኮምፒውተሩም ቦታ ሲጠብ ተጠርጓል። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስገቡ። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቀትር አለፈ። ፕሮግራሙ ቆፍሮ ቆፍሮ የአንዲት ሙሽራ ግማሽ ፊት አወጣ፤ የኬክ ቁራጭ አወጣ፤ ቄጠማ ላይ የቆመ በግ አወጣ። በመጨረሻ የዚያን ቀን ድምፅ የያዘ አንድ አጭር ፋይል ተገኘ። ስጦታው ትንፋሹን ውጦ አደመጠ። ወንበር ይጎተታል፤ ከዚያ የሳሊህ ድምፅ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል፤ ከዚያ ያልቃል።

ሳሊህ አሁን የከፋ ነገር እንደሠራ ገብቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። «እንደገና ብትጫወቱት፣ እኔ በነጻ...» ብሎ ጀመረና ዓይኑ የስጦታው እጅ ላይ ሲያርፍ አንገቱን ደፋ። ስጦታው አዘነለት። ቪዲዮው የተጫነበትን ፍላሽ ተቀበለና ኪሱ ከተተው። «እጅህ ይባረክ፤ ደክመህበታል» አለው። ሌላ ምን ይበለው? ቢሰድበውም ቢገድለውም ያቺ ድምፅ ከየትም አትመጣም።

እንዳለው ወደ ቤቱ ወሰደው። ሳይበሉ ሳይጠጡ ቤዙን ከአልጋው ሥር አወጣ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። አንተ ባታስታውሰው እኔ አስታውስልሃለሁ፣ ከቤዙ ተነስተን ፒያኖውን እናገኘዋለን አለ። ስጦታው ትንሽ ነፍስ ዘራ። እንዳለው ጀመረ። መግቢያዋን በሚገባ ተጫወተ፤ ሁለተኛውን ዙር ተጫወተ፤ ስጦታውም በግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ይከተለዋል። እዚያ ሲደርስ እንዳለው አንዲት ኖታ ላይ ቆመ። ደገማት። አሁንም ደገማት። ደጋግሞ እሷኑ ይመታል።

«ቀጥል እንጂ» አለው ስጦታው።

«ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ አንተ ሄድክ፤ እኔ የት እንደምትሄድ ስላላወቅሁ እዚህችው ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ። እስክትመለስ ሌላ ኖታ አልነካሁም።»

ስጦታው ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጁን ሰበሰበ። ሙጀሂድ ቢኖር ያስታውስ ይሆን ነበር ብሎ እንዳለው ሊናገር ፈለገና ተወው።

ስጦታው በእንዳለው ቤት አድሮ እሑድ ጠዋት ወደ ቢቸና ተመለሰ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ፣ የሚያለቅስ እንዳይመስል ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ሄደ። ከዚህ በኋላ ምን ብሎ ከአልጋው እንደሚነሳ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ አልለቀው አለ። ማናለሽ እዚያ ነበረች። ሙዚቃ አልተማረችም፤ ባቲን ከአምባሰል አትለይም፤ ግን ያቺን ጨዋታ ሰምታ አልቅሳለች። እንዲያ ያለ ለቅሶ ያለ ምክንያት አይመጣም። የሆነ ቦታ፣ ልቧ ውስጥ፣ ያቺ ድምፅ አለች። ቅጂ ባይኖር፣ ኖታ ባይኖር፣ የሰማች አንዲት ሰው አለች፤ ነበረ የምትል፣ እውነት ነበር የምትል። ደብረ ወርቅ ሲደርስ ይህ ሐሳብ ትንሽ ትንፋሽ ሰጥቶት ነበር። ሲያስበው ያችው አንዲት ሰውም አትበቃም እንዴ አለ።

ቤቱ ሲደርስ ሰው ሞልቶታል። ማናለሽ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች፤ ሶፋው ሞልቶ በርጩማ ተደርድሯል፤ እትዬ ፋንታ ፊት ለፊት፣ ክብር ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ይዞ ሊነግራት ፈለገ። እሷ ግን ኪሱ ገብታ ፍላሹን አወጣችና እየሳቀች ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው።

ጽጌረዳው ዘነበ። መልካም ኮንሰርት የሚለው ሲመጣ ሰው እልል አለ። ክላሲካሉ ተለቀቀ። ስጦታው በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው፤ ስክሪኑን አያይም፤ የሚያየው የማናለሽን ፊት ነው። አሁን ግንባሯ ይቋጠራል፣ አሁን ዞር ብላ ይህ አይደለም ትለኛለች ብሎ ይጠብቃል። እትዬ ፋንታ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ካዳመጡ በኋላ፣ እንዲህ እያማረ የሚጫወት ልጅ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዘመን አጥር ለአጥር ሆነን ሳንሰማው የቀረነው አሉ። ሌላዋ ሴት አፏን ይዛ፣ እግዜር ይይላቸው፣ ይህን እጅ ነው ያጠፉት አለች። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ።

የማናለሽ ግንባር አልተቋጠረም። እንባዋ ወረደ። ልክ እንደዚያን ቀን፣ ሳትጠርገው ዝም ብላ ታለቅሳለች።

«ልክ እንዲህ ነበር» አለች ለእትዬ ፋንታ። «ምንም አልተለወጠም። ልክ እንዲህ።»

ስጦታው ሰዎቹን አልፎ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ማኔ፣ በደንብ ስሚው። ያን ቀን የሰማሽው ይኼን ነው?»

«ታዲያ ምን ልሰማ ኖሯል? ይኸው እዚህች ላይ ስትደርስ አይደል ያለቀስኩት።» ፊቱን አየችውና በመዳፏ ጉንጩን ዳሰሰችው። «ምነው፣ አንተ ረሳኸው እንዴ?»

ስጦታው ዓይኑን ጨፈነ። ያቺን ጨዋታ ከተነሳችበት ሊፈልጋት ሞከረ፤ የባቲውን መግቢያ በሐሳቡ ጀመረ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የመጣለት ኬክ መቁረሻው ነው። ገፋው፤ ተመልሶ መጣ። ደግሞ ገፋው፤ ቤቱን የሞላው ድምፅ ጭንቅላቱንም ሞልቶታል፤ ሌላ ነገር የለም።

«አልረሳሁትም» አላት። «ይኸው ነው።»

ስክሪኑ ላይ ያ ጤነኛ እጅ ይሮጣል። ማናለሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ከኋላ ያሉት አይሰማቸውም፣ ድምፁን ጨምርልን አለችው። ስጦታው በግራ እጁ ሪሞቱን አነሳና ጨመረላቸው።